ያው የለመድሽውን

ጥር 11

ለእህቴ ልጅ ለሽቦ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽ እንዴት ነው? እኔም እናትሽም ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን፤ ከእናትሽ ጉልበትና ምላስ በቀር። ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏታል፣ ምላሷ ግን እንደ ድሮው ነው። ብርዱ አይጉዳሽ፣ ክፉ አይንካሽ፣ እጅሽ ያረፈበት ዕቃ ሁሉ ይሥራልሽ።

ለምን ደውለው አይነግሩኝም እንደምትይ አውቃለሁ። ዕቃ በስልክ አይታዘዝም። በስልክ ሠላሳ ብዬ ስልሳ የመጣልኝ ፊውዝ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ዕቃ በጽሑፍ ነው።

ጉዳዩ ይህ ነው፤ የሽማግሌው ኬብል አልቋል። ሽማግሌው ያልኩት ራሴን አይደለም፤ ያንን ከቴሌቪዥን ጣቢያው ሲጣል በጋሪ ያመጣሁትን የሲግናል ጀነሬተር ነው። ልጅ ሆነሽ ጀርባው ላይ እጅሽን ታሞቂበት የነበረው። በዕድሜ ካንቺ ይበልጣል፣ ግን እንዳንቺ ቃሉን አይቀያይርም፤ ይህን ያህል ሲግናል ስጠኝ ያሉትን ያህል ይሰጣል። የከተማውን አሥራ አንድ አምቡላንሶች ሬዲዮ የማስተካክለው በሱ ነው። ሽማግሌው በሹክሹክታ የሚለቀውን የሰማ ሬዲዮ፣ ከጋራው ጀርባ ሆኖም ጥሪውን ይሰማል።

እና የኬብሉ ጫፍ ላይ ያለው ኮኔክተር ጥርሱ ተበልቷል። ሦስት እንግዳ ላኪልኝ። ረስተሽው እንደሆነ፣ እንግዳ የምንለው ፒን ያለውን፣ የሚገባውን ነው፤ ባለቤት ደግሞ መሣሪያው ላይ ተቀምጦ የሚቀበለው። ሌላው ሰው ወንድና ሴት ይላቸዋል፤ አያትሽ ግን ይህን በቤቱ አላስወራ ስላለ እኛ በዚሁ ቀረን። ዓይነቱ ያው የለመድሽው ነው። በካውያ የሚበየደው ይሁን። ተጨምቆ የሚያዘውን አላምነውም።

አጎትሽ

(ከታች፣ በእርሳስ) እኔ እናትሽ ነኝ። ፖስታ ቤት የምወስደው እኔ ስለሆንኩ መጨረሻውን ሁልጊዜ አነባለሁ። ስለ ምላሴ ያለውን አትስሚው። መቼ ነው የምትመጪው?


የካቲት 20

ይድረስ ለምወድዎ አጎቴ፤

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ጤናዎንና የእማዬን ጉልበት ፈጣሪ ይጠብቅልኝ። ምላሷን ጠብቅልኝ ብዬ አልጸልይም፣ ራሱን ይጠብቃል።

ሦስቱን ኮኔክተሮች ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያገኟቸዋል። ልገዛ ስሄድ ሻጩ «ወንድ ነው ሴት የምትፈልጊው?» ቢለኝ «እንግዳ» ልለው ትንሽ ቀረኝ። እዚህ የምሠራበት ክፍል ምድር ቤት ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ያረጁ መለኪያዎቹን ሁሉ እኔ ላይ ነው የሚጭነው። ክፍሌን ቢያዩ ይወዱት ነበር። መሳቢያዎቹ ላይ የኮኔክተሮቹን ስም እየጻፍኩ ለጥፌያለሁ፤ አንዱ ላይ ግን በኛ ቋንቋ «እንግዳ» ብዬ ጽፌ ሰው ሁሉ ምንድነው ይለኛል።

እንዳሉኝ የለመድኩትን ልኬያለሁ። ሆኖም ቁጥሩን አልጻፉልኝምና፣ ከመክተትዎ በፊት እንደ ልማድዎ አዲሱን ፒን ከአሮጌው ፒን ጎን ለጎን አድርገው ያስተያዩት።

እማዬ፣ ዘንድሮም ፈቃድ አልሰጡኝም። ለከርሞ እናያለን።

ልጅዎ ሽቦ


መጋቢት 27

ለሽቦ፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስ። እናመሰግናለን፣ ዕቃው ደርሷል። ያማረ ዕቃ ነው፣ ወርቅማ። ትንሽ ጠበቅ ይላል እንጂ ገብቷል። አዲስ ነገር መጀመሪያ ላይ እንዲህ ነው፣ ሲለመድ ይላላል።

አንዱን በየድኩት፣ ግን የመበየጃው ሊድ አልያዘም። አሁን የሚሸጡት ሊድ እንደ ድሮው አይደለም፣ ምን እንደሚቀላቅሉበት እንጃ። ለጊዜው አሮጌውን ኬብል መልሼ ሰክቼ እየሠራሁ ነው። አምቡላንሶቹ ለዓመቱ ፍተሻ አንድ በአንድ እየመጡ ነው፣ እስካሁን አምስቱን ጨርሻለሁ።

ለሌላ ጊዜ ስትልኪ በብሎን የሚጠብቀውን ብታደርጊው ምን ይመስልሻል? ያለ ካውያ የሚያዘውን። አንድ ሰው ደህና ነው ሲል ሰምቻለሁ። የካውያው ጭስም ደረቴን አልተስማማውም።

ጽሑፌ ቢንጋደድ ወረቀቱ መስመር ስለሌለው ነው።

አጎትሽ

(በእርሳስ) መስመር አለው።


ሚያዝያ 6

ይድረስ ለአጎቴ፤

ሰላምታዬ እንደ ሁልጊዜው ነው፤ ግን ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጽፈው አልቻልኩም፣ ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤዎ በደረሰኝ ሰዓት ነው የምመልሰው።

ጋሼ፣ «ትንሽ ጠበቅ ይላል እንጂ ገብቷል» ብለው ጽፈዋል። ይህን እንዳነበብኩ ያችን በሰባት ዓመቴ ሽማግሌው ላይ ተደግፌ የተነሳሁትን ፎቶ አውጥቼ በአጉሊ መነጽር አየሁ። ከትከሻዬ በላይ፣ ኮኔክተሩ ከሚሰካበት ከአፉ አጠገብ፣ በነጭ ቀለም ሰባ አምስት የሚል አለ። የላኩልዎ ሃምሳ ኦም ነው።

ያው የለመድሽውን ላኪ አሉኝ፣ እኔም የለመድኩትን ላኩ። እዚህ የለመድኩት ሃምሳ ነው። እዚያ ቤት የለመድኩት ሰባ አምስት እንደነበር ረሳሁት ብል ቀላል ይሆንልኝ ነበር። አልረሳሁትም፣ እንዲያውም ትዝም አላለኝ። ይህ የኔ ጥፋት ነው፣ አምኛለሁ።

አሁን የርስዎን ልጠይቅ። ከውጪ ሲያዩአቸው አንድ ናቸው፣ ጥርሳቸውም ይገጥማል። ልዩነቱ መሀል ላይ ነው፤ የሃምሳው ፒን የሰባ አምስቱን እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ጠረጴዛዬ ላይ ሞከርኩት፣ በእጅ አልገባ አለኝ፣ የሚገባው በመፍቻ ቢጠብቅ ብቻ ነው። ከገባ ደግሞ ባለቤቱ ውስጥ ያሉትን አራት ቀጫጭን ጣቶች በርግዶ ነው የሚገባው። ከዚያ በኋላ አሮጌው ቀጭን ፒን ሲመለስ የሚጨብጠው የለም፣ ሲግናሉ ሲፈልግ ይመጣል ሲፈልግ ይጠፋል። ሽማግሌው ራሱ ሲዋሽ እርስዎ ሬዲዮውን ነው የሚያርሙት።

የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ አንድ ጃክ በግድ ስከት አይተው እጄን ይዘው «አትግፊ፣ እይው» ያሉኝ እርስዎ ነዎት። የጣትዎ ሙቀት እስካሁን አለ። እርስዎ አይተው ቢሆን ኖሮ አይገፉትም ነበር።

ዓይንዎ እንዴት ነው?

ሽቦ


ሰኔ 14

ለእህቴ ልጅ፤

ደህና ነን። መልሱ የዘገየው ሥራ ስለበዛ ነው።

ዓይኔ ደህና ነው። አንቺን ከነመነጽርሽ፣ ከነክርክርሽ፣ ባሕር ማዶ ሆነሽ ያይሻል። ሽማግሌውም አልዋሸም። አራት ቁጥር አምቡላንስ ባለፈው ጥሪ አልሰማሁም ብላ ተመልሳ መጥታ ነበር፣ ሾፌሩ ሬዲዮውን ዘግቶ ዘፈን ሲሰማ እንደነበር አልጠራጠርም። አሥራ አንዱንም ጨርሻለሁ።

ዕድሜ ልኬን ሠርቼ በትናንት ልጅ መመርመሬ ገርሞኛል። ይሁን፣ እኔው ነኝ መርማሪነቱን ያስተማርኩሽ።

ሌላ ዕቃ አያስፈልገኝም። አንድ መብራት ያለው አጉሊ መነጽር ብቻ፣ ትልቅ፣ ከጠረጴዛ ላይ የሚታሰረውን። ለናትሽ ነው፣ መርፌ ላይ ክር ስታስገባ ትቸገራለች።

አጎትሽ

(በእርሳስ) ልብስ መስፋት ከተውኩ ስድስት ዓመቴ ነው። ባለፈው ሳምንት የሻይ ውሃ ከስኒው ውጪ ቀዳ፣ እኔም ዝም ብዬ ጠረግሁ። አላየሁትም ብሎ ሳይሆን አየሽኝ ብሎ ነው ያፈረው። ምን ላድርግ?


ሐምሌ 2

ይድረስ ለምወድዎ አጎቴ፣ ለጋሼ፤

አጉሊ መነጽሩን አልላክሁም። ቢቆጡም አልልክም።

የሚፈሩትን አውቃለሁ። እርስዎን ሥራ ያስተማሩዎ ባለሙያ ለዓይናቸው በእግራቸው ሆስፒታል ገብተው፣ በሰው እጅ ተመርተው እንደወጡ እማዬ ነግራኛለች። ከዚያ በኋላ በሩ ላይ ወንበር አውጥተው ሲቀመጡ የሚያልፈውን ሁሉ «ማነህ?» ይሉ እንደነበር፣ እርስዎም በየቀኑ ስምዎን እየነገሯቸው ያልፉ እንደነበር። ያ ከአርባ ዓመት በፊት ነው። ዛሬ የዓይን ሞራ ማንሳት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው ይላሉ። ግን እንዲህ ብዬ ፍርሃትዎን እንደ ቀላል ነገር አላየውም። እኔም ብሆን እፈራለሁ።

ዓይንዎ የርስዎ ነው፣ አላስገድድዎትም። ሬዲዮዎቹ ግን የርስዎ ብቻ አይደሉም። አሥራ አንዱም በተበላሸ መለኪያ ተስተካክለው መንገድ ላይ ናቸው።

አብሮ ያለው ሁለተኛ ወረቀት ለአምቡላንስ ጣቢያው የጥሪ ክፍል ኃላፊ የጻፍኩት ነው። ፖስታውን አላሸግሁትም። በራሴ በኩል ብልከው በጀርባዎ መሄድ ይሆንብኛል፣ በእርስዎ ጀርባ ደግሞ አልሄድም። ያንብቡት፤ ከዚያ ወይ ይውሰዱላቸው፣ ወይ ይቅደዱት። በተለመደው ትንሿ ጽሕፈቴ ነው የጻፍኩት፣ ሆን ብዬ። ማንበብ ከቻሉና ከቀደዱት፣ ተሳስቻለሁ ማለት ነውና እግርዎ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የምወድዎ ሽቦ


ነሐሴ 29

ለሽቦ፤

ይህን የምትጽፈው እናትሽ ናት፣ የምናገረው እኔ ነኝ። ከራሷ አንድም ቃል እንዳትጨምር አስምያታለሁ። (አልማልኩም።)

ደብዳቤዎችሽን እናትሽ ናት የምታነብልኝ፤ ያንን ወረቀትሽን ግን ራሴ ተቀብዬ መስኮት ዳር ቆሜ ሳገላብጠው ዋልኩ። መጻፉ ይታየኛል፣ የተጻፈው አይታየኝም። ለናትሽ ልሰጣት እጄን ዘረጋሁና መለስኩት። ልቅደደው አልኩ። ሳላነበው ብቀደው ግን ማንን ነው የማታልለው? ሦስት ሳምንት ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። (አራት።)

በመጨረሻ ጣቢያው ሄድኩ። የጥሪ ክፍሏ ኃላፊ ወንበር ሰጠችኝ፣ ወረቀቱን ሰጠኋት። «ጮክ ብለሽ አንብቢው» አልኳት። «እርስዎ አላነበቡትም እንዴ?» አለችኝ። «ማንበብ ብችልማ መች አመጣልሽ ነበር» አልኳት።

አነበበች። ጥፋቱን ሁሉ ራስሽ ላይ አድርገሽ እንደጻፍሽው ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። የተሳሳተ ዕቃ የላክሁት እኔ ነኝ፣ መሣሪያው የተበላሸው በዚያ ነው ብለሽ ዝም። ስለ ዓይኔ አንድ ቃል የለበትም። እንግዲህ እዚያ ላይ እኔው ተናገርኩ። «ልጅቷ አልዋሸችም፣ ግን ግማሹን ነው የነገረችሽ» አልኳት፤ «ፒኑ አልገባ ሲለኝ በመፍቻ ያጠበቅሁት እኔ ነኝ፤ ያላየሁትም ስለማላይ ነው» አልኳት። ሰው ፊት እንዲህ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

አልተቆጣችም፣ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። እዚያው ስልክ አንስታ አሥራ አንዱንም ሌላ ከተማ ካለ መሥሪያ ቤት አስፈተሸች። አራቱ ደንቁረው ተገኙ። አራት ቁጥር ያን ቀን ጥሪ ያልሰማችው በሾፌሩ አልነበረም። ለአንዲት ወላድ ነበር ጥሪው። ሌላ አምቡላንስ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ እስኪደርስ ሴትዮዋ በራፏ ላይ፣ በጎረቤት ፍራሽ ተገላገለች። ሁለቱም ደህና ናቸው። (ይህን ሁለት ጊዜ አስጻፈኝ። ሁለቱም ደህና ናቸው።) ያን ሾፌር ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። ዘፈን እንደማይወድም ነገረኝ።

ሐኪም ዘንድም ሄጃለሁ። የሁለቱም ዓይኔ ሞራ የበሰለ ነው፣ ሦስት ዓመት ቀድመው መምጣት ነበረብዎት አለኝ። መጀመሪያ ግራው ጥቅምት ላይ ይነሳል። እፈራለሁ፣ ሽቦ። ሰው ሁሉ አይዞህ ይለኛል፣ አንዱም ግን አብሮኝ አይፈራም። አንቺ እኔም ብሆን እፈራለሁ ብለሽ የጻፍሽውን እናትሽን ሦስት ጊዜ አስነብቤያታለሁ።

አጎትሽ

(እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ዕቃውን ሁሉ አንድ ቦታ ሳስቀምጥለት የኖርኩት ሳያውቅ መስሎኝ ነበር። ያውቅ ኖሯል።)


መስከረም 22

ጋሼ፣ እማዬ፤

ፊቴን ዝቅ አድርጌ ነው ሰላም የምላችሁ። ደብዳቤያችሁን ሥራ ቦታዬ ላይ አንብቤ አለቀስኩ፣ የሚያልፉት ሁሉ ሰው የሞተብኝ መስሏቸው ሻይ አመጡልኝ።

እርስዎ በሰው ፊት እውነቱን ከተናገሩ እኔም አንድ አለብኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ፈቃድ አልሰጡኝም እያልኩ የጻፍኩት ሐሰት ነው። ጠይቄ አላውቅም። ለመጠየቅ ቅጹን ሁለት ጊዜ ወስጄ መሳቢያዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ከዓመት ወደ ዓመት ሲቆይ፣ ከባዱ መቅረቱ ሳይሆን መምጣቱ እየሆነ ሄደ። እኔ ትቻችሁ የመጣሁት እርስዎ መሰላል ላይ ወጥተው አንቴና ሲያስሩ፣ እማዬ ከታች ስትቆጣዎት ነው። እንደዚያው ሆናችሁ እንድትቆዩልኝ ፈልጌ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ለቀዶ ጥገናው ቀን አልደርስም፣ ቢያንስ ይህን እንኳ አልዋሽ። ቀኑን ግን ይዣለሁ። ያን ቀን ካውያ አልነካም።

ሽቦ


ኅዳር 8

ለእህቴ ልጅ ለሽቦ፤

ጤና ይስጥልኝ። ይህ የገዛ እጄ ጽሕፈት ነው፣ መስመሩንም ይዟል።

ግራው ከተነሳ አምስት ሳምንት ሆኖታል። የተሸፈነበትን ሲፈቱልኝ መጀመሪያ ያየሁት የነርሷን የደረት ኪስ ነው፤ ሁለት እስክሪብቶ፣ አንዱ ክዳን የሌለው። ክዳኑ ጠፍቶብሻል ብላት ሳቀችና ሐኪሙን ጠራችው። ቀኙ ከሁለት ወር በኋላ ነው። አሁን ብዙም አልፈራም፣ ትንሽ ብቻ።

ቤት ስገባ ቀጥታ ወርክሾፑ ገባሁ። የሽማግሌውን አፍ አየሁት፤ አራቱም ጣቶች እንደ ተረገጠ ሸረሪት ተንጋለዋል። ቀይሬዋለሁ፤ አዲሱን ባለቤት የጥሪ ክፍሏ ኃላፊ በስሟ አስመጥታልኛለች፣ ሰባ አምስት። አፉ ላይ ያለውን ቁጥርም በአዲስ ነጭ ቀለም ደግሜ ጻፍኩት። ከዚያ የሦስት ዓመት ብየዳዬን አንድ በአንድ እያወጣሁ አየሁ። ልጄ፣ እንዲህ ያለ ብየዳ አንቺ በስምንት ዓመትሽ ብትበይጂ እጅሽን እመታሽ ነበር። ኳስ ኳስ አክሎ፣ ግማሹ ሳይነካ ተንጠልጥሎ። ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ አፈርኩ። ሁሉንም ፈትቼ ደግሜ እየሠራሁ ነው፤ አምቡላንሶቹን ግን ሠርቼ ስጨርስ ያ ሌላው መሥሪያ ቤት ይፈትሽልኝ ብዬ ራሴ ጠይቄያለሁ። ቀኙ እስኪነሳ እንዲህ እንሆናለን።

እንዲህ ዙሪያውን የዞርኩት ሌላ የምነግርሽ ስላለ ነው።

እናትሽ በመጀመሪያው ቀን ምሳ ይዛ ገባች። ቀና ብዬ አየኋት። እኔ የማውቃት እህቴ፣ ስትስቅ ጉንጯ የሚሰረጎደው፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ ጥላ የምትራመደው ናት፤ ድምፅዋም ያው ስለሆነ ሦስት ዓመት ሙሉ ያችን እህቴን ነበር የምሰማው። የገባችው ሌላ ሴት ናት። ጸጉሯ ነጭ ነው፣ አንድም ጥቁር የለውም። ሰሃኑን በሁለት እጇ ነው የያዘችው፣ ሁለቱም ይንቀጠቀጣሉ። ከበሩ እስከ ጠረጴዛው ለመድረስ ግድግዳውን ተደግፋ አንድ ጊዜ ዐረፈች። ያንን የሻይ ውሃ ስትጠርግልኝ፣ ዕቃዬን ስታሰናዳልኝ፣ ደብዳቤዬን ፖስታ ቤት ስታደርስልኝ የኖረችው በነዚያ እግሮች ነው። «ምን ታፈጥብኛለህ ወንድምጋሼ?» አለችኝ። «ምንም፣ አማረብሽ» አልኳት። ደስ አላት።

አርጅታለች፣ ሽቦ። ማንም አልነገረኝም፣ እሷም ላንቺ በእርሳስ ስትጽፍ ስለኔ እንጂ ስለራሷ አንድ ቃል አልጻፈችም። እኔ እንኳ ይህንን እዚሁ አንድ ጣሪያ ሥር ሆኜ ነው ያመለጠኝ።

ይህን ደብዳቤ እሷ አላየችውም። ፖስታ ቤት ራሴ ነው የምወስደው፣ መንገዱን አየዋለሁ።

ዕቃ አልፈልግም። ቅጹን ከመሳቢያው አውጪና ፈቃድ ጠይቂ።

አጎትሽ